የሰባ ሦስቱ ነጭ ቪኖ

አባይነህ ባሕር አይቶ አያውቅም። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን በፒያሳ ስለ ባሕር ከእሱ የበለጠ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ፣ በአንድ እጁ የቡና ማሽኑን እጀታ እየጎተተ፣ የናፖሊ ወደብ ማለዳ ማለዳ ምን ምን እንደሚሸት፣ መርከብ ሊነሣ ሲል ስንት ጊዜ እንደሚጮኽ፣ አዋቂ ተሳፋሪ ስንቁን ከየትኛው መንገድ ገብቶ እንደሚሸምት ሲተርክ፣ ለማያውቀው እንግዳ ትናንት ከመርከብ የወረደ ይመስል ነበር። ከአዲስ አበባ ወጣ ያለው ግን በዕድሜው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ ለእናቱ ተዝካር ደብረ ብርሃን፣ አንዴ ደግሞ ወገቡን አሞት ለጠበል ደብረ ሊባኖስ።

ይህን ሁሉ የሰማው ከሲኞር ካርሎ ነው። ሲኞር ካርሎ ጦርነቱ ሲያበቃ አገሩ ሳይመለስ የቀረ፣ ፒያሳ ላይ «ባር ማሪና» የሚባል ቤት የከፈተ ወፍራም ጣሊያናዊ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ክረምት ላይ ሁለት ሰዎች በአንድ ሳምንት ቀጠረ፤ አንዱ አባይነህ፣ ሌላው ወርቅአፈራሁ። አባይነህ ዝም ያለና እጁ የማይንቀጠቀጥ ስለነበረ ወደ ባንኮኒው ተመደበ። ወርቅአፈራሁ ምላሱም እግሩም ፈጣን ስለነበረ ወደ ጠረጴዛዎቹ ሄደ። እንደ ተመደቡ ሃያ ሰባት ዓመት አብረው ቆሙ፤ አንዱ ይቀዳል፣ አንዱ ያደርሳል።

ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ጠርሙሶቹ በጎናቸው ተኝተው በሚያድሩበት ቀዝቃዛ ክፍል፣ ሲኞር ካርሎ አባይነህን የቪኖ ነገር አስተማረው። ቡሹ እንዳይደርቅ ጠርሙስ ለምን እንደሚጋደም፣ ቀለሙ በብርሃን ፊት እንዴት እንደሚታይ፣ ቀዩ እንደሚታገሥ፣ ነጩ ግን እንደማይታገሥ። «ነጩን ሦስት ዓመት ሲሞላው ጠጣው፣ አምስት ሲሞላው ለማትወደው ሰው ስጠው፣ አሥር ሲሞላው ሰላጣ ላይ አፍስሰው» ይለው ነበር እየሳቀ። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ዓመት ማንበብም ያስተማረው እሱ ነው። ወይን በውጭ አገር የሚለቀመው በእኛ በመስከረም ገደማ ነውና፣ አባይነህ ቁጥሩን ባየ ቁጥር ሰባት ቀንሶ ወደ አገሩ ዘመን ይመልሰዋል። ለምዶት ስለነበረ ከንፈሩን እንኳ አያንቀሳቅስም።

አብዮቱ ሲመጣ ቤቱ ተወረሰ። ሲኞር ካርሎ ሁለት ሻንጣ አንጠልጥሎ፣ አባይነህን በሁለቱም ጉንጩ ስሞት ሄደ። ከሰሌዳው ላይ «ባር» የሚለው ቃል ተፍቆ «ማሪና ቡና ቤት» ተባለ። ምድር ቤቱ ውስጥ የቀሩት የውጭ ጠርሙሶችም በሁለት ዓመት ውስጥ አለቁ። ከዚያ በኋላ የሚቀዳው የአገር ውስጡ ብቻ ሆነ፤ እሱም ደግ ነበር፣ ማንም አልጠላውም። ግን ምረጥልኝ የሚል ደንበኛ ጠፋ። የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊዎች፣ ወርቅ ሠሪዎች፣ ከሲኒማ የሚወጡ ፍቅረኞች ቀይ ወይም ነጭ ይላሉ፣ አባይነህም ይቀዳል። ያ ሁሉ ዕውቀት ደረቱ ውስጥ ቁጭ አለ።

በ1975 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ተክላይ፣ የቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊም የነበረው፣ ከሳምንቱ ውይይት በኋላ ማንም እንዳይወጣ አለና አንድ ወረቀት አነበበ። ከየመሥሪያ ቤቱ አንዳንድ ኮከብ ሠራተኛ ተመርጦ ወደ ቡልጋሪያ ይላካል። ቫርና በምትባል የወደብ ከተማ ሳምንት ያርፋል። ከዚያ ከልዩ ልዩ አገር ሠራተኞች ጋር በመንገደኛ መርከብ ተሳፍሮ ጥቁር ባሕርን ዐሥር ቀን ይዞራል።

አባይነህ «መርከብ» የሚለውን ቃል ሲሰማ የያዘው ብርጭቆ ከጨርቁ ጋር እጁ ላይ ቀረ። ወዲያው የሁሉም ዓይን ወደ እሱ የሚዞር መሰለው። ደግሞስ ማን አለ? በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ያልቀረ፣ አንድ ብርጭቆ ሰብሮ ያላስቀየመ፣ ባሕርን ሳያያት በስም በስሟ የሚጠራት ማን አለ?

ገንዘብ ተቀባይዋ የሺዓለም «ጋሽ አባይነህን እጠቁማለሁ» አለች። ልቡ ሞቀ። ከወዲያ ማዶ ደግሞ አንዱ «ወርቅአፈራሁ!» ብሎ ጮኸና ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ የወርቅአፈራሁ ስም ሲጠራ ሰው ይስቅ ነበር፣ ስሙ ራሱ ቀልድ ይመስል። ተክላይ እጅ አስወጣ። ለአባይነህ አራት እጅ ወጣ። ለወርቅአፈራሁ ሲባል ግን ከወጥ ቤቱ፣ ከበሩ፣ ከጽዳቱ፣ ከየጠረጴዛው እጅ እንደ ሸንበቆ ብድግ አለ። በዚያ ዘመን ሁሉ እጁን ሲያወጣ አለማውጣት ያስተዛዝባልና፣ አባይነህም ዙሪያውን አየት አድርጎ የራሱን እጅ አነሣ። በገዛ እጁ ወርቅአፈራሁን መረጠ።

ማታ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ካለው ቤቱ ሲገባ ባለቤቱ ሙሉነሽ ወሬውን ቀድማ ሰምታዋለች።

«እሰይ! እሰይ የኔ ወርቅአፈራሁ!» አለች። «ደግ ሰው ነው፣ ይገባዋል። ያን ጊዜ ስወልድ በእኩለ ቀን ጠረጴዛ ጥሎ ታክሲ ፍለጋ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ የሮጠው እሱ አይደል?»

«እኔ ማሽኑን ጥዬ መሄድ አልችልም ነበራ።»

«ማን ምን አለህ? አመሰገንኩት እንጂ።»

አባይነህ እራቱን ሁለት ጊዜ ጎርሶ ተወው። በነጋታው ወርቅአፈራሁ ለፓስፖርት የተነሣውን ፎቶግራፍ እያዞረ ሲያሳይ፣ አባይነህ ተቀብሎ አየው። ያው ረጅም ፊት፣ ያው ገርበብ ያለ ዓይን። «ጆሮህ ተልቆ ወጥቷል» ብሎ ፎቶግራፉን መለሰለት። በሦስተኛው ቀን ወርቅአፈራሁ አዲስ ጫማ አደረገ። በአራተኛው ቀን ደንበኞች ባንኮኒው ላይ ተደግፈው አባይነህን ራሱን ስለ ወርቅአፈራሁ መንገድ ይጠይቁት ጀመር፤ ስንት ቀን ይፈጃል? ባሕር ያማል ይባላል፣ እውነት ነው? አባይነህም ይመልሳል። እያንዳንዱ መልስ ሲወጣ ከውስጡ የሆነ ነገር ይዞ ይወጣ ነበር። ዋና እንኳ የማይችል ሰው! ቪኖ ቢሰጡት ከሎሚ ውኃ ለይቶ የማያውቅ ሰው! ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ማሽኑን ሲወለውል ብቻ ለራሱ ደጋግሞ ይለዋል።

ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ወርቅአፈራሁ ትሪውን በብብቱ ይዞ ወደ ባንኮኒው መጣ።

«አባይ፣ ጉዴ ፈልቷል፣ አድነኝ።»

«ምን ሆንክ ደግሞ?»

«መርከቡ ላይ የወዳጅነት ምሽት የሚሉት አለ። እያንዳንዱ አገር አንድ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ያኖራል አሉ። መርከቡ ውስጥ የሚሸጠው ደግሞ ዋጋው እሳት ነው፣ የሚቀመስ አይደለም፤ አምና የሄደው ሰውዬ ነው የነገረኝ። ከመሳፈሬ በፊት ከከተማው ረከስ ያለ፣ ግን የማያዋርደኝ ቪኖ ልግዛ ብዬ አሰብኩ። እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፤ ቀዩ ቀይ ነው፣ ነጩ ነጭ ነው።»

«ሃያ ሰባት ዓመት ተሸክመኸው አላወቅከውም?»

«እኔ የማውቀው ጠጪውን ነው፤ ማን ከስንተኛው በኋላ እንደሚያለቅስ ጠይቀኝ!» አለና ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ወንድሜ፣ ጻፍልኝ። መሄድ የነበረብህ አንተ ነበርክ፤ ለተክላይም ነግሬዋለሁ። አንተ ካልሄድክ ዕውቀትህ ይሂድ።»

መሄድ የነበረብህ አንተ ነበርክ። ይህን ከሌላ ሰው ቢሰማው ያጽናናው ነበር። ከወርቅአፈራሁ አፍ ሲወጣ ግን የተረፈ ምግብ እንደ ማጉረስ ሆኖ ተሰማው። ቢሆንም የትእዛዝ ወረቀት ገነጠለና እርሳሱን ከጆሮው አወረደ።

መጀመሪያ የጻፈው ሁሉ እውነት ነበር። ከመርከቡ ላይ አትግዛ። ከወደቡ በር ፊት ለፊት ካሉት ሱቆችም አትግዛ፤ ለተሳፋሪ ዋጋ ያስወድዳሉ። ሁለት ሦስት መንገድ ወደ ውስጥ ገባ በልና የሰፈሩ ሰው የሚገዛበትን ጠይቅ። መስኮት ላይ የቆመውን ተወው፣ ፀሐይ መቶታል። ነጭ ይሁን፤ ነጩ ሳይወደድም ደህና ይገኛል። እዚህ ላይ ሲደርስ ዓመቱን ሊጽፍ አሰበ። ሦስት ዓመት የሆነው ማለት በፈረንጅ የሰማንያው ነው፤ በእኛ የሰባ ሦስቱ። እጁ፣ እንደ ልማዱ ሰባት ቀንሶ፣ «የ73ቱን» ብሎ ጻፈ።

እርሳሱ ቆመ። ወርቅአፈራሁ ጠርሙስ ላይ የሚያገኘው የፈረንጁን ቁጥር ነው። ሰባ ሦስት የሚል ከፈለገ ዐሥር ዓመት የሞላው ነጭ ቪኖ ያገኛል። አባይነህ በጎኑ «በፈረንጅ 80» ብሎ ለመጨመር እርሳሱን ዝቅ አደረገ፤ አደረገና አዲሱን ጫማ አየው። ወርቅአፈራሁ ተረከዙን እያነሣ እያወረደ፣ ጫማው እንዲለምድለት ይሆናል፣ ሲጥ ሲጥ ያሰኘዋል።

«ሰባ ሦስት ብቻ? ሌላ ምልክት የለውም?» አለ ወርቅአፈራሁ ወረቀቱን በአንገቱ ተንጠራርቶ እያየ።

«የለውም። ቁጥሩ ጠርሙሱ ላይ አለ።»

ወረቀቱን አጠፈና ሰጠው። ወርቅአፈራሁ ተቀብሎ ግንባሩ ላይ አስነካው፤ ከቄስ እጅ መስቀል እንደ ተሳለመ ሰው።

የሄደው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል፣ ጭቃው ከአትክልት ተራ በሚመጣው ተሸካሚ ሁሉ እግር እስከ ደጃፉ ይደርሳል። ባንኮኒው ላይ የተደገፈ አንድ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚኖረው። አባይነህ ማሽኑን ሲወለውል መርከቡን ያያል። ረጅም ጠረጴዛ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ዙሪያውን የየአገሩ ሰው። ወርቅአፈራሁ ተነሥቶ ጠርሙሱን ያኖራል። ይቀዳል። ይቀምሳሉ። ከዚያ ያ ሁሉ ፊት አንድ ጊዜ ይኮማተራል፣ ወርቅአፈራሁም የሚናገረው ቀልድ ያጣል፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ያጣል። ይህን ሲያስብ አባይነህን ደስ ይለው ነበር። ደስታው ግን ቡና አንድ ሲኒ ጠጥቶ እስኪጨርስ አይቆይም። ወዲያው ያው ጠረጴዛ ይመለስና፣ በጠረጴዛው ኋላ ክብ መስኮት፣ ከመስኮቱ ኋላ ባሕሩ ይታየዋል። ወርቅአፈራሁ ቢዋረድም ባሕሩን እያየ ነው የሚዋረደው። ይሄ ነው የሚያንገበግበው።

«ጋሼ፣ ይህን ሰሞን ከስተዋል» አለችው የሺዓለም። «ጋሽ ወርቅአፈራሁ ናፍቀዎት ነው አይደል?»

«ሥራው በዝቶ ነው።»

«የቱ ሥራ?» አለችና ባዶውን አዳራሽ አየት አድርጋ ተወችው።

ወርቅአፈራሁ የተመለሰው በፍልሰታ ጾም መካከል ነው። ፊቱ ከስሎ፣ አፍንጫው ተልጦ፣ ጥርሱ ከወትሮው ነጥቶ መጣ። ሠራተኛው ሁሉ አቀፈው። አባይነህንም ከባንኮኒው ላይ ጎትቶ፣ መሐረቡ ከትከሻው እስኪወድቅ ድረስ አቀፈው። አባይነህ የወዳጁን አንገት ሲያሸት የጨው ሽታ የሸተተው መሰለው፤ ያላሰበው ነገር ልቡን ወጋው።

ከዚያ ወርቅአፈራሁ ወንበር ላይ ወጥቶ ወሬውን ጀመረ።

«እንግዲህ ስሙኝ፤ የተሳፈርኩ ዕለት ነው። መርከቡ በዘጠኝ ሰዓት ይነሣል ተባለ። እኔ በሰባት ሰዓት የዚህን የአባይን ወረቀት ይዤ ከተማ ገባሁ። የመጀመሪያው ሱቅ፣ ሰባ ሦስት የለም። ሁለተኛው፣ የለም፤ ሁሉም ሰማንያ፣ ሰማንያ አንድ ይሉኛል። እኔ ደግሞ አባይ ያለኝን ትቼ የነሱን ልውሰድ? ሦስተኛው አንድ ሽማግሌ ነው፣ ጺሙ እስከዚህ! ወረቀቱን አሳየሁት። ከኋላ ክፍል ገብቶ አቧራ የለበሰ አንድ ጠርሙስ ይዞልኝ መጣ። ሰባ ሦስት! ዋጋውም ርካሽ፣ በነጻ በሉት። ‹ቦኖ?› አልኩት፣ ጥሩ ነው ወይ ለማለት፣ ያችን የሲኞር ካርሎን ጣሊያንኛ ይዤ። ሽማግሌው ራሱን ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች፣ በጣም ነቀነቀልኝ። ከፍዬ ወጣሁ።»

«ታዲያስ?» አለ ተክላይ።

«ታዲያማ ሰዓቴን ባይ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ! ሮጥኩ ነው የምላችሁ። አዲሱ ጫማዬ እግሬን በልቶት፣ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ አንድ አሮጊት ላይ ልወድቅ ስል ተርፌ። መርከቡ ሁለት ጊዜ ጮኸ። መሰላሉን ሊያነሡት ገመዱን ይዘዋል። ‹ኢትዮጵያ! ኢትዮጵያ!› እያልኩ ዘለልኩ። ከላይ ያለው ሁሉ አጨበጨበ። ሦስት ቀን ሙሉ ስሜ ‹ኢትዮጵያ ኢትዮጵያ› ነበር።»

ቤቱ በሳቅ ተንጫጫ። አባይነህም ሳቀ፤ ጉንጩ እያመመው። ሦስት ጊዜ ነው የሚጮኸው፣ ሦስተኛው ላይ ነው የሚነሣው፤ ይህን እሱ ለሃያ ዓመት ሲያወራ ኖሯል። አሁን የሰማው ወርቅአፈራሁ ነው፣ በገዛ ጆሮው።

«ኋላ መርከቡ ላይ የሰማሁት ነገር ግን ጉድ ነው» ቀጠለ ወርቅአፈራሁ። «ቡልጋሪያዎች ራሳቸውን ወደ ላይ ወደ ታች ሲነቀንቁ ‹አይሆንም› ማለታቸው ነው አሉኝ። እንደኛ አይደሉም። እንግዲህ ሽማግሌው ‹ጥሩ አይደለም› ይለኝ ይሁን፣ ‹ለሌላ አልሸጠውም› ይለኝ ይሁን፣ እግዜር ይወቅ። ግን የሱን ራስ ትቼ የአባይን ወረቀት አመንኩ።»

አባይነህ ወደ ማሽኑ ዞረ። «ጠጡት? ምን አሉ?» አለ ጀርባውን እንደ ሰጠ።

«ማን ይጠጣዋል? በወዳጅነቱ ምሽት ከቦርሳዬ ላወጣው ስል እጄ አልታዘዝልህ አለኝ። ይህን የመረጠው ሰው ሳይቀምሰው፣ የማላውቀው ሰው ይጠጣው? ደብቄ ባዶ እጄን ቁጭ አልኩ። ኩባዎቹ ‹ኢትዮጵያ ኢትዮጵያ፣ የት አለ ጠርሙስህ?› እያሉ ሲያሾፉብኝ አመሹ። በዘፈን ካስኩ።» ከሻንጣው ውስጥ በሹራብ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ባንኮኒው ላይ አኖረ። «ያንተ ነው፤ ጾሙ ሲፈታ ትከፍተዋለህ፣ ሁላችንም እንቀምሳለን።»

አባይነህ ሹራቡን ገለጠ። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳያነሣው እንኳ ታየው፤ ነጩ ቪኖ የቀዘቀዘ ሻይ መስሏል።

ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ያሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉ እሱ ነው የሚያውቀው። የማርያምን ጾም ይዞ ይህን የመሰለ ነገር በሆዱ ይዞ መሰንበት ከበደው። ጠርሙሱ ምድር ቤት ተጋድሞ ያድራል፤ አባይነህ ይወርድና ያየዋል። ቢሰብረውስ? እጁ ብርጭቆ ሰብሮ ስለማያውቅ ማንም አያምነውም። «ከመንገድ የመጣ ቪኖ ጥቂት ወር ይረፍ» ቢልስ? ይህን እንኳ ሞክሮት ነበር፤ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ቀን ከሰዓት፣ ሁሉም ባንኮኒውን ከበው ሲጠብቁ።

«ይረፍ ምናምን የለም!» አለ ተክላይ። «እኛም መንገድ ላይ ነን። ክፈተው!»

«ጋሼ፣ ወይ ይክፈቱ ወይ እኔ ልክፈተው» አለች የሺዓለም ብርጭቋዋን እያንኳኳች።

አባይነህ ቡሹን ሳበ። ቡሹ ግማሹ ተፈርፍሮ ወጣ። ሽታው ቀድሞ ደረሰ። ለወርቅአፈራሁ ሲቀዳ የጠርሙሱ አንገት ከብርጭቆው ጋር ተንኳኳ። ወርቅአፈራሁ ብርጭቆውን ወደ ላይ አነሣ፣ «ለአባይ!» አለ፣ ጠጣ፣ ዓይኑ ፈጠጠ። አልተፋውም፤ በግድ ዋጠው።

ተክላይ ከእጁ ላይ ወስዶ አሸተተ። «አቼቶ!» ብሎ ጮኸ። «ጓዶች፣ ኮከብ ሠራተኛችን ጥቁር ባሕርን ዞሮ አቼቶ ይዞልን መጣ! ሰላጣ አምጡ!»

ሳቁ ከጣሪያ በላይ ሆነ። አንዱ ከኋላ «ወርቅአፈራሁ አቼቶ!» አለ፤ ሌላው ተቀበለው፤ ሦስተኛው በዜማ አደረገው። ፒያሳን የማያውቅ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አይገባውም። አንድ ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ዓሣ ይዞ የታየ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ፣ ጡረታ እስኪወጣ «ዓሣው» ተብሏል፤ ልጆቹም «የዓሣው ልጆች» ናቸው። በዚያ ሰፈር የወጣ ስም ተመልሶ አይገባም።

ወርቅአፈራሁ ሊስቅ ሞከረ። «የአባይ ወረቀት ልክ ነው» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ያ ሽማግሌ አትግዛ ሲለኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ሞኙ።» ተልጦ የዳነው አፍንጫው ቀላ። ሃያ ሰባት ዓመት ሰው ሲያስቅ የኖረው ሰው በዚያች ቅጽበት ሲሳቅበት፣ እጁን የት እንደሚያደርገው አጣ።

አባይነህ ክረምቱን ሙሉ የተመኘው ፊት ይህ ነበር። አሁን አንድ ክንድ ርቀት ላይ መጣለት፤ ሊያየውም አልቻለም።

«ቆዩ» አለ። ድምፁ ቀጭን ስለነበረ ማንም አልሰማውም። ባንኮኒውን በመዳፉ መታ። «ቆዩ! ሰባ ሦስት ብዬ የጻፍኩት በእኛ ነው። በፈረንጅ ሰማንያ ማለት ነው። እሱ የፈረንጁን ሰባ ሦስት ገዛ። ዐሥር ዓመት የሞላው ነጭ ቪኖ አቼቶ ነው።»

«እንግዲያስ ስተሃል፤ ማን የማይስት አለ?» አለ ተክላይ ነገሩን ቀለል አድርጎ። በሩ ተከፍቶለት ነበር፤ አባይነህ ዝም ቢል እዚያ ላይ ያበቃ ነበር።

«አልሳትኩም። አውቄ ነው።»

ሳቁ ተቋረጠ። ማሽኑ ብቻ ያፏጫል።

«ሌላ ምልክት የለውም ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር እኮ» አለ ወርቅአፈራሁ በዝግታ።

«ጠይቀኸኛል።»

«ታዲያ ለምን?»

አባይነህ መሐረቡን ከትከሻው አወረደ። «ቀናሁብህ» አለ። «አንተ ባሕር ልታይ ነው። እኔ ነኝ ማየት የነበረብኝ። ቀናሁብህ።»

ወርቅአፈራሁ ከደረት ኪሱ ወረቀቱን አወጣ፤ እስካሁን ከመታወቂያው ጋር አስቀምጦት ነበር። ዘረጋው፣ ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ መልሶ አጠፈውና ኪሱ ከተተ። ከዚያ ትሪውን አነሣና ሁለት እንግዳ ወደ ተቀመጠበት ጠረጴዛ ሄደ።

ስሙ በዚያው ቀን ተዛወረ። እስከ ማታ ድረስ «አባይነህ አቼቶ» ሲኒማ ኢትዮጵያ ደርሶ ነበር፤ ሰንበቱ ሳይገባ ዶሮ ማነቂያ ገባ። ሙሉነሽ ከጎረቤት ሰምታ መጣች፤ ያን ዕለት ለወርቅአፈራሁ ቤት አንድ ሰሃን ወጥ ልካ አባይነህን ሽሮ አበላችው። ወርቅአፈራሁ በበኩሉ አልተቆጣም፣ አልተሳደበም። «ጋሽ አባይነህ፣ ሁለት ማኪያቶ ያውጡልኝ» ማለት ጀመረ። ከእሱ ጋር በአንድ ሳምንት የተቀጠረ ወዳጁ አንቱ ሲለው አባይነህ ማኪያቶውን ያወጣል፣ ወተቱን ግን አንዳንዴ ይረሳዋል።

ጳጉሜን ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ መንገዱን ወንዝ አደረገውና ቤቱ ሰው አልባ ሆነ። የሺዓለም ከገንዘብ መቀበያ መስኮቷ ኋላ አንቀላፍታለች። ወርቅአፈራሁ ትሪውን አስቀምጦ መጥቶ ባንኮኒው ላይ በክርኑ ተደገፈ። ፊቱን ወደ ዝናቡ አዞረ።

«ሦስት ጊዜ ነው የሚጮኸው» አለ ሳይዞር። «እንዳልከው። ሦስተኛው ሆድህ ውስጥ ነው የሚሰማህ፤ ይህን አልነገርከንም።»

«አላውቅም ነበር» አለ አባይነህ።

«ሽታውም አንተ እንደምትለው አይደለም። ዓሣ ብቻ አይደለም። እንደ ብረት ነገር አለው፣ እንደ እርጥብ ብረት።»

አባይነህ ከሰኔ ጀምሮ ያኘከው ቅናት ትንሽም አልቀነሰም። «ማታ ማታስ?» አለ። «ማታ ምን ይመስላል?»

ወርቅአፈራሁ ዞር ብሎ አየው። «ትቀናለህ አንተ ሰውዬ።»

«እቀናለሁ። ንገረኝ።»

ወርቅአፈራሁ ከሥር በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። አባይነህ፣ ድምፁ ወሬውን እንዳይሸፍንበት ብሎ፣ የቡና ማሽኑን አጠፋ።